ምዕራፍ 7፦ ድህነትን ማስመስከር

ራስ ዳሸን የቆመው በበየዳ ወረዳ ነው። የወረዳው ከተማ ድል ይብዛ ይባላል። ከድል ይብዛ ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ቧሂትን ተሻግሮ፣ በጨነቅና በሳንቃበር አድርጎ ይወርዳል፤ ከፍታው በአንዳንድ ቦታ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ ጉዳት ደርሶበት እግሩን ያጣ ሰው፣ ጉዳዩ ከወረዳው ፍርድ ቤት ካለፈ፣ ካሳውን ለመጠየቅ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደባርቅ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ነው።

ስለ አካል ጉዳት ካሳና አበል ስንነጋገር ብዙ ሰው አንድ ቢሮ፣ አንድ ደንብ፣ አንድ ወረፋ ያለ ይመስለዋል። እኛ አገር ጉዳዩ በብዙ በር የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ በር ገንዘብ ሲጠይቅ ሌላው አይጠይቅም። የዳኝነት ክፍያ ስለማይከፈልባቸው በሮች ሳያውቅ በሬውን የሚሸጥ ሰው ስላለ፣ መጀመሪያ እነዚያን እናንሳ።

አንደኛው የሠራተኛው በር ነው። የመንገድ ተቋራጭ ቀጥሮት ድንጋይ ሲፈልጥ እጁ የተቀጠቀጠ ሰው ጉዳዩ የሥራ ክርክር ነው፤ በአሁኑ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ችሎት ለሚያቀርበው ክስ ዳኝነት አይከፍልም፤ ደሃ ቢሆንም ሀብታም ቢሆንም። ስለዚህ ድህነቱን ማስመስከር ሳያስፈልገው በቀጥታ ይከሳል። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነ አዋጁ የሚሰጠው ካሳ የ5 ዓመት ደመወዝ ነው፤ ከፊል ከሆነ በጉዳቱ መቶኛ ይሰላል። እዚህ ላይ ሠራተኛውን የሚጎዳው ገንዘብ ማጣቱ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ይግባኙ እንደ ሌላው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ 60 ቀን የሚጠብቅ ሳይሆን 30 ቀን ብቻ ነው። «ቁስሌ ሲድን እሄዳለሁ» ያለ ሰው ቁስሉ ሳይድን ቀኑ ያልፍበታል።

ሁለተኛው የጡረታ በር ነው። አስተማሪው፣ የግብርና ባለሙያው፣ ፖሊሱ፣ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚጠብቀው ስካውት፣ ሁሉም ከደመወዛቸው 7 በመቶ ይቆረጥባቸዋል። በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰባቸው ጥያቄያቸው የሚታየው በማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ውሳኔው ካልተዋጠላቸው ቅሬታቸውን የሚሰማው የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው፤ ይህ መደበኛ ፍርድ ቤት አይደለም። ከጉባኤው በኋላ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ተፈጽሟል የሚል ሰው ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይሄዳል። በዚህ ምዕራፍ የምናየው፣ ዳኝነት ሳይከፍሉ ለመክሰስ የሚቀርበው ማመልከቻ አንዳንዴ የሚያስፈልገው እዚያ ሲደረስ ነው።

ሦስተኛው የሴፍቲኔት በር ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጉልበት ላለው የማኅበረሰብ ሥራ፣ ጉልበት ለሌለው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ የሚል ክፍፍል ነበረው። አካሉ ስለተጎዳ መሥራት የማይችል ሰው ከስም ዝርዝር ቢወጣ ቅሬታውን ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ኮሚቴው ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ቶሎ መልስ ያገኛል የሚለው ሐሜት እውነት ይሁን ሐሰት ለአንባቢ እተዋለሁ፤ ፍርድ ቤት ግን በዚህ በር ውስጥ የለም።

የቀረው አራተኛው በር ነው፤ የዳኝነት ክፍያ የሚያስጨንቀው እዚህ ነው። ቀጣሪ የለውም፣ ጡረታ የለውም፣ ገበሬ ነው። በቅሎውን እየነዳ ከገበያ ሲመለስ ከኋላው የመጣ አይሱዙ ገጨው እንበል። ካሳ የሚጠይቀው ከመኪናው ባለቤትና ከመድን ድርጅቱ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ መድን ድርጅቱ ለአካል ጉዳት በሚከፍለው ላይ ጣሪያ ስላስቀመጠ፣ ከዚያ በላይ ያለው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ከባለቤቱ የሚጠየቅ ነው። የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ክሱ ግን በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በዚህ ክስ ላይ ዳኝነት ይከፈላል።

ክፍያው የሚታሰበው በክሱ ገንዘብ መጠን ነው። መሠረቱ በ1945 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ ቤት ዳኝነት ደንብ ቁጥር 177 ነው። ስሌቱ በንግድ ክርክር ላይ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ብዙ የሚያነታርክ ብዙ ይክፈል። በአካል ጉዳት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ጣት ያጣ ሰው ትንሽ ካሳ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይከፍላል። ሁለት እግር ያጣ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያጣውን ገቢ ቆጥሮ ብዙ ይጠይቃል፣ ብዙ እንዲከፍል ይታዘዛል። ጉዳቱ በከፋ ቁጥር የመክፈል አቅሙ ይቀንሳል፣ የሚከፍለው ግን ይጨምራል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

በፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ለዚህ መድኃኒት አለው። «አባቴ፣ አራት መቶ ሺህ ምን ያደርግልዎታል? ሃምሳ ሺህ እናድርገው፣ ዳኝነቱም ይቀልዎታል።» ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ዳኛ ከተጠየቀው በላይ አይፈርድም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም አንድን ጥያቄ ከፋፍሎ ማቅረብን ስለማይፈቅድ፣ በክሱ ያልተጠየቀው ገንዘብ በኋላ በሌላ ክስ አይመለስም። ዛሬ ጥቂት ብር ለማዳን ዝቅ የተደረገ ክስ የቀረውን ካሳ ለዘለዓለም ይዞ ይቀራል። ትክክለኛው መድኃኒት በሕጉ ውስጥ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ አለ፤ በደሃ ደንብ መክሰስ ይባላል።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ እንዲህ ይላል፤ ማንኛውም ሰው ዳኝነት ለመክፈል በቂ አቅም ከሌለው ክሱን ሳይከፍል እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላል። ይግባኝ ባዩም እንዲሁ ያመለክታል። ይህ ሐሳብ የተወለደው እኛ አገር አይደለም። እንግሊዞች ደሃ ያለ ክፍያ እንዲከስ የሚፈቅድ ሕግ ያወጡት በፈረንጆቹ 1495 ነው። ሕንድ በ1908ቱ የሥነ ሥርዓት ሕጓ አስገባችው፤ የእኛ ሕግ አርቃቂዎችም ከሕንዱ ብዙ ወስደዋል። ስለዚህ የበየዳ ገበሬ ደባርቅ ላይ የሚያቀርበው ማመልከቻ ከሕንድ ገጠር ፍርድ ቤት ማመልከቻ ጋር የአክስት ልጅ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ማመልከቻው ሁለት ነገር መያዝ አለበት፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ይዞ ይመጣል። አንደኛው ክሱ ራሱ ነው። ማን ጎዳህ፣ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል ነው የምትጠይቀው? ድህነቱ በእንባ ተጽፎ ክሱ በአንድ መስመር የሚያልቅ ማመልከቻ ይወድቃል። ዳኛው ሰውየው ደሃ መሆኑን ቢያምንም፣ የሚያስከስስ ምክንያት ካልታየው አይፈቅድም። ሁለተኛው የንብረት ዝርዝር ነው። የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቱን ከነግምቱ ይጽፋል፤ እውነት መሆኑንም በቃለ መሐላ ያረጋግጣል።

የንብረት ዝርዝሩ ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከልበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይ። በየዳ ውስጥ ሀብት ማለት ባንክ ያለ ገንዘብ አይደለም። ሁለት በሬ፣ ጥቂት በግ፣ አንዲት በቅሎ፣ በጎተራ ያለ ገብስ፣ የሳር ወይም የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት፣ በይዞታ የያዘው መሬት። ሰው ሲፈራ በጎቹን ለወንድሙ ያስጠጋል፤ በቅሎዋንም «የአማቼ ናት» ይላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ማመልከቻው የሚሰማው ተከሳሹ ባለበት ነው። የመድን ድርጅት ጠበቃ ምስክር አምጥቶ «ሰላሳ በግ አለው» ካስባለ፣ ሰውየው ደሃ ባለመሆኑ ሳይሆን በመዋሸቱ ይወድቃል። ክስ ለማቅረብ ሲል ንብረቱን በተንኮል ያሸሸ ሰው ፈቃዱን እንደማያገኝ ሕጉ ለይቶ ተናግሯል።

ይልቅስ ሁሉንም ጽፎ ማስረዳት ነው። በሬ የእርሻ መሣሪያ ነው፤ ሁለቱን የሸጠ ገበሬ ዳኝነቱን ከፍሎ በሚቀጥለው ክረምት ማሳውን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። በጎተራ ያለው ገብስ ስንት ወር እንደሚያበላና ስንት አፍ እንዳለ ይጻፍ። ሕጉ የሚጠይቀው ምንም የሌለው ሰው መሆንን አይደለም፤ ክፍያውን በሙሉ ወይም በከፊል ለመክፈል በቂ አቅም ማጣትን ነው። «በሬ እያለህ እንዴት ደሃ ነኝ ትላለህ?» የሚል ጥያቄ በችሎት ቢነሳ መልሱ እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ መገኘት አለበት። በእኔ አስተያየት፣ ክሱን እንዲያቀርብ በሬውን ሽጥ የሚል ትእዛዝ ከሕጉ መንፈስ ጋር አይሄድም። ካሳ የሚጠይቀው ሰው ያጣውን ገቢ ለመተካት ነው፤ የቀረውን ገቢ ሸጦ ካሳ ይጠይቅ ማለት ትርጉም የለውም።

በወረቀት የማይጻፍ ሌላ መሰናክልም አለ። ስሜን ውስጥ ቆሞ «ደሃ ነኝ» ማለት ቀላል አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ተበድሮም ቢሆን ጠላ የሚጠምቅ፣ የልጁን ሠርግ በዕዳ የሚደግስ ሰው፣ ጎረቤቶቹን በምስክርነት ጠርቶ ድህነቱን በችሎት ያስቆጥራል። ከምስክሮቹ አንዱ ነገ የልጁ አማች ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሰው መብቱን የሚተወው ገንዘብ አጥቶ አይደለም፣ ይህን መስማት ስለማይፈልግ ነው። ዳኞች ይህን ቢያውቁ ጥያቄያቸውን ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቁ ነበር።

ፈቃዱ ከተሰጠ ክሱ ልክ እንደተከፈለበት ክስ ይቀጥላል። ተከሳሹ ተረትቶ ኪሳራ እንዲከፍል ሲታዘዝ፣ ከሳሹ መክፈል የነበረበት ዳኝነት ተሰልቶ ለመንግሥት የሚገባው ከእርሱ ነው። ስለዚህ ነገሩ ምጽዋት አይደለም፤ መንግሥት ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይጠብቃል ማለት ነው። ደሃ የተባለው ሰው በመካከሉ ሀብት ቢያገኝ ወይም ችሎቱን በከንቱ ቢያንገላታ፣ ፈቃዱ ሊነሳ ይችላል። ደግሞም ፈቃዱ የሚያድነው ከዳኝነት ክፍያ እንጂ ከሁሉም ወጪ አይደለም። ከሳሹ ቢሸነፍ ለባላጋራው ወጪና ኪሳራ ሊጠየቅ ይችላል።

ፈቃዱ የማይሸፍነውን ሳስብ ግን ሕጉ የተጻፈው ፍርድ ቤቱ አጠገብ ለሚኖር ደሃ ነው እላለሁ። የጉዳቱን መቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ለቦርድ ለመቅረብ ጎንደር መውረድ፣ ማደር፣ ወረፋ መጠበቅ፣ በክራንች የሚሄድ ከሆነ ደጋፊ ይዞ መሄድ አለ። የውሳኔ ግልባጭ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የቴምብር ዋጋ አለ። ቀጠሮ ሲሰጥ «ተለዋጭ ቀጠሮ» የሚባል ነገር አለ። ከድል ይብዛ ተነስቶ ደባርቅ የደረሰ ሰው ዳኛው በስብሰባ ምክንያት አልተሰየሙም ሲባል፣ ያ ቀን ለእርሱ ከዳኝነቱ ክፍያ ሊበልጥ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱንም ችሎቱንም ደጋግሞ አቋርጧል።

ሕጉ ለዚህም ጥቂት ቀዳዳ አለው፤ ሰው ስለማያውቀው አይጠቀምበትም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 58 ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት ወይም እናት ነገረ ፈጅ ሆነው እንዲቀርቡ ይፈቅዳል። ጠበቃ መሆን አያስፈልጋቸውም፤ የጽሑፍ ውክልና ይበቃል። ስለዚህ ቧሂትን በቃሬዛ መሻገር የሌለበት ሰው ሚስቱን ወይም ወንድሙን መላክ ይችላል። በድህነቱ ላይ ግን ዳኛው አመልካቹን ራሱን መጠየቅ ሊፈልግ ስለሚችል፣ የሚላከው ሰው ስለ ንብረቱ እያንዳንዱን ነገር የሚያውቅ ይሁን። በተዘዋዋሪ ችሎት ጉዳዩ እንዲሰማለት መጠየቅም ነውር አይደለም። ጎንደር የደረሰ ሰው ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ይወቅ። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ያማክራሉ።

ይግባኝ የሚለው ሰው ከሁሉ በላይ ቀኑን ይጠብቅ። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ 60 ቀን ነው። ድህነቱን የሚያስረዳው የቀበሌ ደብዳቤ ዘገየ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ስልጠና ሄደ፣ መንገድ ተዘጋ ሲባል ቀኑ ይሮጣል። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላም ይግባኙን ለማቅረብ በአንቀጽ 325 እና 326 ማስፈቀድ ይችላል፤ የመንገድ መዘጋትን ለማስረዳት ግን የወረዳው አስተዳደር ወይም ፖሊስ የሰጠው ደብዳቤ ከቃል ይሻላል። ደብዳቤው መንገዱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ተዘግቶ እንደነበር ይናገር።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው አንባቢ «አሜሪካስ?» ማለቱ አይቀርም። እዚያ የአካል ጉዳት አበል የተከለከለ ሰው አበሉን በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ውስጥ ባሉት ደረጃዎች ሁሉ ያለ ክፍያ ይከራከራል። እነዚያ ሲያልቁ በ60 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ይከሳል፤ የመክፈቻ ክፍያው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ 405 ዶላር ነው። መክፈል የማይችል በፈረንጆቹ 1892 በወጣው ሕግ ሥር ማመልከቻ ይሞላል። ቅጹ ገቢ፣ ወጪ፣ የባንክ ሂሳብ፣ መኪና ይጠይቃል። በግና በቅሎ አይጠይቅም እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ ምን አለህ፣ ምንስ ይተርፍሃል?

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን የሚከሰስ ሰው ሲኖር ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ብዙ ሲቪሎች ተገድለዋል። የሰሜኑ ጦርነት ደባርቅና ዳባት ዙሪያ ሲደርስ አካላቸው የጎደለ ሰዎች ቀጣሪ የላቸውም፣ የመኪና ባለቤት የላቸውም፣ የመድን ድርጅት የላቸውም። ዳኝነቱ ቢቀርላቸው ማንን ይክሰሱ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን መልሶ እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዝዛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 13 ስለ ፍትሕ ማግኘት ነው። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ግን በችሎት ገንዘብ አያስፈርድም። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው የክፍያ ነፃነት ሳይሆን የካሳ ሕግ ነው፤ እስካሁን አልወጣም።

ለሚከስሱት ግን እናንተ የቀበሌ አስተዳዳሪዎች ብዙ ማድረግ ትችላላችሁና አንድ ነገር ልለምናችሁ። በክራንች የመጣ ሰው ለዳኝነት ነፃነት ደብዳቤ ሲጠይቃችሁ «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ግለሰብ ደሃ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ብላችሁ ማኅተም አትምቱ። ያ ደብዳቤ ለዳኛው ምንም አይነግረውም። ስንት በሬ፣ ስንት በግ፣ ስንት ቃዳ መሬት፣ ስንት ቤተሰብ፣ በዓመት ስንት ኩንታል ገብስ እንደሚያገኝ፣ ከጉዳቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበርና አሁን ምን እንደማይችል ጻፉለት። ቀኑን ጻፉበት። እንዲሁም በተጠየቃችሁበት ቀን ስጡት፤ ነገ ና አትበሉት።